ትሉ፣ ጉጠቱና ወተቱ

ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ከተቀመጡት የባቢሎን የሸክላ ጽላቶች አንዱ የጥርስ ሕመምን ነገር የሚጀምረው ከዓለም መፈጠር ነው። ሰማይ ምድርን አስገኘ፣ ምድር ወንዞችን፣ ወንዞች ቦዮችን፣ ቦዮች ረግረጉን፣ ረግረጉ ደግሞ ትልን። ትሉ አማልክት ፊት ቀርቦ አለቀሰና ቀለብ እንዲቆረጥለት ጠየቀ። የበሰለ በለስ ቢሰጡት አልፈልግም አለ። እሱ የፈለገው በሰው ጥርስና ድድ መሃል ቤት ሠርቶ መኖር ነበር። ከታሪኩ ግርጌ የመድኃኒቱ አሠራር ተጽፏል፦ ሁለተኛ ደረጃ ጠላ (በአበሻ ቤት ቅራሪ የሚባለውን ዓይነት መሆኑ ነው) ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ድግምቱ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ቅልቅሉ የታመመው ጥርስ ላይ ይደረጋል።

ጽላቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ ሺህ ዓመት የተገለበጠ ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያም ይቀድማል፤ ዛሬም ቢሆን አልሞተም። “ጥርሴን ትል በላው” የሚል ሰው በኢትዮጵያ ገጠር ብቻ ሳይሆን በከተማም አይጠፋም። ትሉ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው በከንቱ አይደለም። የተቦረቦረ ጥርስ ነቀዝ የገባበትን እህል ይመስላል። ሕመሙ ደግሞ በአንድ ቦታ አይረጋም፤ ይቆፍራል፣ ይወጋል፣ ፋታ ይሰጥና ተመልሶ ይነሳል። ከሁሉም ይልቅ ሌሊት ይብሳል። ሰው ጋደም ሲል ወደ ራሱ የሚሄደው ደም ይበረታል፤ በጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭና የደም ሥር ደግሞ በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ነውና ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ የለውም። ይህን የማያውቅ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘው አድሮ ውስጡ ሕይወት ያለው ነገር አለ ቢል አይፈረድበትም።

ትልን ከጥርስ የማስወጣት ሙያም ነበረ። በመጀመሪያው ምዕት ዓመት የኖረው ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርጉስ የታመመ ሰው የአንድ መርዛማ ዕፅ ዘር በፍም ላይ ተደርጎ ጢሱን ወደ አፉ እንዲስብ፣ ከዚያም አፉን በሙቅ ውኃ እንዲጉመጠመጥ መክሯል፤ ያን ጊዜ ትናንሽ ትሎች እየተተፉ ይወጣሉ ብሎ ነበር። የዚያ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ኢትዮጵያ ውስጥ ዕፀ ፋሪስ ወይም አስተናግር የሚባለው ነው፤ የባህል ሐኪሞች የእሱንም ዘር እያጨሱ ለጥርስ ሕመም ያውሉታል። ዘሩ በሙቀት ሲፈነዳ ከውስጡ የሚወጣው ነጭ ጽንስ ጥምዝ ያለ ነው፤ ለማያውቅ ዓይን ቁርጥ ትል ነው። ታካሚውም ሕመሙ ሲቀልለት “ትሉ” ሲወድቅ ያያል። ጢሱ እውነትም ያደነዝዛል፤ እነዚህ ዕፆች አእምሮን የሚያስቱና ነርቭን የሚያደነዝዙ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። መጠኑ ካለፈ ደግሞ ያሳብዳሉ፣ ይገድላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ሁልጊዜ አታላይ ነበር ማለት አይቻልም። እሱም ራሱ ባየው ነገር ተታልሎ ይሆናል።

ትሉን ለፍርድ ያቀረበው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር ነው። እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው ሁለት ጥራዝ መጽሐፍ፣ የዘመናዊ የጥርስ ሕክምና መነሻ ተብሎ በሚቆጠረው፣ በማጉያ መነጽር አይቼ ትል አላገኘሁም ብሎ ጻፈ። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ጥርሳቸው የተቦረቦረባቸው ሕመምተኞች በገዛ ሽንታቸው አፋቸውን እንዲጉመጠመጡ መክሯል። አንዱን ስህተት ያረመ ሰው ሌላውን ይዞ መቀጠሉ በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው። እውነተኛው መልስ የመጣው ከ160 ዓመታት በኋላ ነው። በርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር በ1890 ባወጣው መጽሐፍ የአፍ ውስጥ ተህዋስያን ስኳርና ስታርችን ወደ አሲድ እንደሚለውጡ፣ ጥርስን የሚቦረቡረውም ያ አሲድ መሆኑን አሳየ። ትል ነበረ ማለት ይቻላል፤ በዓይን የማይታይ ሆኖ ነው እንጂ።

እስከዚያ ድረስ ግን ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በካቶሊኮች ዘንድ ጥርሱን ያመመው ሰው የሚማጸነው ቅድስት አጶሎንያን ነበር፤ እሷም በ249 ገደማ በእስክንድርያ ጥርሷ እየተሰበረ የተሠዋች ናት። ሥዕሏ በቀላሉ ይለያል፦ በእጇ ጉጠት፣ በጉጠቱ ጥርስ። በኢትዮጵያ ደግሞ መድኃኒቱ ከጓዳ ይጀምራል። ነጭ ሽንኩርት ተጨቅጭቆ ቀዳዳው ውስጥ ይወተፋል፤ አረቄ በጉንጭ ተይዞ ይቆያል፤ ጨው በሞቀ ውኃ ይበጠበጣል፤ የእምቧይ ሥር ይታኘካል፤ ቅርንፉድ ጥርስ ላይ ይነከሳል።

ከእነዚህ ሁሉ ቅርንፉዱ ለብቻው መነሳት አለበት። ከሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች በንግድ መርከብ የመጣ ቅመም ነው፤ በኢትዮጵያ ማጀት ከሻይና ከመከለሻ አልፎ ለጥርስ መዋሉ ማንም ያስተማረው አይመስልም። በውስጡ ያለው ዩጂኖል የተባለ ዘይት ነርቭን ያደነዝዛል፣ ተህዋስያንንም ያዳክማል። የአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ዘይት ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ለውሰው ጊዜያዊ መሙያ ሠሩበት፤ ዛሬም ይሠራበታል። ብዙ ሰው የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ ሲደርስ የሚያውቀው ያ ሽታ፣ ልብን የሚያርደው፣ ከእናቱ የሻይ በራድ የወጣው የቅርንፉድ ሽታ ነው። ነጭ ሽንኩርት ግን እንዲህ አልታደለም። ጥሬው ድድ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል፤ ቁስሉ ከሕመሙ ጋር ተደምሮ ሰውዬውን ሁለት በሽታ ያስታምመዋል። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግም ያው ነው፤ አስፕሪን የሚሠራው ሲዋጥ እንጂ ሲነሰነስ አይደለም፣ የነካውን ሥጋ አሲዱ ይልጠዋል።

መላው ሁሉ ሲያልቅ የሚቀረው መንቀል ነው። በአውሮፓ ይህን ሥራ ለዘመናት የያዙት ፀጉር አስተካካዮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1540 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ፀጉር ቆራጮችንና ቀዶ ሐኪሞችን በአንድ ማኅበር ሲያስገባ፣ ጥርስ መንቀል ለሁለቱም የተፈቀደ የጋራ ሥራ ሆነ፤ ማኅበሩ የተለያየው በ1745 ነው። ከእነሱ በታች ደግሞ በየገበያው የሚዞር ጥርስ ነቃይ ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት ፓሪስ ውስጥ በፖን ኔፍ ድልድይ ላይ ይቆም የነበረው ቶማ፣ በቅጽል ስሙ “ታላቁ ቶማ”፣ ከነግዙፍ ሰውነቱና ከነጎርናና ድምፁ የከተማው ትርዒት ነበር። በ1729 ለንጉሡ ወንድ ልጅ ሲወለድለት ደስታውን የገለጸው የሕዝቡን ጥርስ በነፃ እነቅላለሁ ብሎ በማወጅ ነው። ፈረንሳዮች ዋሾን ሰው እስከ ዛሬ ከጥርስ ነቃይ ጋር ያመሳስሉታል፤ “አያምም” እያለ ይነቅል ስለነበረ።

መሣሪያዎቹን አንድ ጊዜ ላየ ሰው ያ ውሸት ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል። በመካከለኛው ዘመን የተጀመረው “ፔሊካን” የተባለው መሣሪያ መንቁር የመሰለ ቆልማማ ጥፍር ነበረው። ከዚያ የመጣው “ቁልፍ” ይባላል፤ መልኩም እውነትም የአሮጌ በር ቁልፍ ነው። ጥፍሩ ጥርሱን ከወዲያ ይይዛል፣ ዘንጉ ድድ ላይ ይደገፋል፣ ነቃዩ እጀታውን እንደ በር ያዞረዋል። ጥርሱ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ጎን ይገነደሳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወይ ሥሩ ውስጥ ይሰበራል፣ ወይ የመንጋጋው አጥንት ተገንጥሎ አብሮ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ጥርስ ቅርጽ ተለክቶ የሚሠራ ጉጠት እንግሊዛዊው ጆን ቶምስ በ1840ዎቹ እስኪያመጣ ድረስ ሐኪሞችም ሳይቀሩ ቁልፉን ይጠቀሙ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የታሪኩ ትልቁ እጥፋት የሚመጣው። ያመጡት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አይደሉም፤ ጥርስ ነቃዮች ናቸው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ምሽት በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ጋርድነር ኮልተን የተባለ ሰው የሳቅ ጋዝ ትርዒት አሳየ። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ይገባሉ፤ ፈቃደኞች ጋዙን ስበው ይስቃሉ፣ ይዘላሉ፣ ይደባደባሉ። ከመካከላቸው ሳሙኤል ኩሊ የተባለው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ሲሯሯጥ እግሩን ከአግዳሚ ጋር አላተመ። ደም እየፈሰሰው ተመልሶ ተቀመጠ። ተመልካች ሆኖ አጠገቡ የነበረው የጥርስ ሐኪሙ ሆራስ ዌልስ አላመመህም ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ኩሊ ቁስሉን ያወቀው ገና ያን ጊዜ ነው። ዌልስ አላመነታም። በማግስቱ ጠዋት ኮልተን ጋዙን ይዞ መጣ፣ ዌልስ ሳበ፣ የሙያ ጓደኛው ጆን ሪግስ የዌልስን የራሱን መንጋጋ ጥርስ ነቀለ። ዌልስ ሲነቃ የመርፌ ያህል እንኳ አልተሰማኝም አለ።

ቀጥሎ የሆነው ያሳዝናል። በጥር 1845 ዌልስ ቦስተን ሄዶ በሕክምና ተማሪዎች ፊት ሊያሳይ ተነሳ፤ የጋዙ ከረጢት ቶሎ ተነሳና ታካሚው ጮኸ። አዳራሹ ማጭበርበር ነው ብሎ አፌዘበት። ከዚያ ወዲያ አልተቃናለትም፤ በ1848 በ33 ዓመቱ በኒውዮርክ እስር ቤት በራሱ እጅ ሞተ። ዕድሉን ያነሳው የቀድሞ ተማሪውና ሸሪኩ ዊሊያም ሞርተን ነው። መስከረም 30 ቀን 1846 ማታ ኤበን ፍሮስት የተባለ የሙዚቃ ሰው ጥርሱ አላስቀምጥ ብሎት የሞርተንን በር አንኳኳ፤ መነቀሉንም ፈርቶ ነበር። ሞርተን መሐረብ በኤተር ነክሮ አሸተተውና ነቀለለት። ፍሮስት ሕመም አላወቀም። ከ16 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 16፣ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል በሞርተን ኤተር የመጀመሪያው ይፋዊ የቀዶ ሕክምና ተደረገ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ቀዶ ሕክምና፣ የልብም ይሁን የአንጎል፣ ከዚያ ሌሊት አላስተኛ ካለው ጥርስ ጋር ዝምድና አለው። ይህ ውለታ ለጥርስ ሐኪሞች በሚገባው መጠን አልተከፈለም።

መርፌው የመጣው ዘግይቶ ነው። ኮኬይን ከ1884 ጀምሮ ለአካባቢ ማደንዘዣ ዋለ፤ ሱስና ሞት አስከተለ። ጀርመናዊው አልፍሬድ አይንሆርን የሠራው ፕሮኬይን በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ተካው። ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 ያገኘው ሊዶኬይን ዛሬም በአዲስ አበባ ክሊኒክ ይወጋል።

ሆኖም ጉጠት ያልደረሰበት ሌላ ስህተት ነበር፤ የሕፃናቱ። በኢትዮጵያ ብዙ አካባቢዎች ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው ድዱ ይታያል። ክራንቻ የሚወጣበት ቦታ ነጣ ብሎ ካበጠ “ግግ” ነው ይባላል፤ በስለት ወይም በሹል ነገር ተቆፍሮ ይወጣል። የሚወጣው ትል የሚመስለው ለስላሳ ነገር ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ ነው። ከእንጥል ማስቆረጥ ጋር አብሮ የሚሠራው ይህ ድርጊት በጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ላይ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በእጅጉ ተስፋፍተው ከተገኙት አንዱ ነበር። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ስለቱ በሽታ ያስተላልፋል፣ ከሥር የተቀመጠውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። በእስራኤል ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችን ሲመረምሩ የወተት ክራንቻቸው የጎደለ፣ ቋሚው ጥርሳቸውም የተንጋደደ ብዙ ልጆች አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለሙያ መጽሔት ጽፈዋል።

ግግን የኋላቀርነት ምልክት አድርጎ ለማውገዝ የሚቸኩል ሰው ግን የአውሮፓን መዝገብ ይመልከት። የዝነኛው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ምክር ጥርስ የሚያበቅል ሕፃን ድድ በስለት እንዲሰነጠቅ ነበር፤ ይህ ከአሥራ ስድስተኛው ምዕት ዓመት እስከ ሃያኛው መግቢያ ድረስ በተማሩ ሐኪሞች እጅ ቀጥሏል። ምክንያቱም ያው ነው። ሕፃናት የሚሞቱት ጥርስ በሚያበቅሉበት ዕድሜ ስለነበረ ጥርሱ ተከሰሰ። ጥፋተኛው የተበከለ ውኃና ምግብ ሆኖ ሳለ።

በአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት በየሳምንቱ ይታተም በነበረው የለንደን የሟቾች ዝርዝር ውስጥ “ጥርስ” ራሱን ችሎ የሞት ምክንያት ሆኖ ይቆጠር ነበር፤ ጆን ግራንት በ1662 ባሳተመው የሟቾች ትንተናም ተካትቷል። ብዙዎቹ እነዚያው ሕፃናት እንደነበሩ ይታመናል፤ አዋቂዎች በጥርስ አይሞቱም ማለት ግን አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ በ1836 የጻፈው በሽታ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ የተነሳ መግል ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ወርዶ የአየር መተላለፊያን ይዘጋል። በሽተኛው ታንቆ ይሞት ነበር። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን እስኪመጣ ድረስ ከበሽታው መትረፍ የዕድል ጉዳይ ነበር። ዛሬም አደጋው አልጠፋም፤ የታመመውን ጥርስ በማስታገሻ ክኒን ዝም አሰኝቶ ወራት የሚያሳልፍ ሰው ሕመሙ ድንገት ቢተወው ዳንኩ ይላል። ነርቩ ሞቶ ነው ሕመሙ የተወው፤ መግሉ ግን ሥራውን አላቋረጠም።

ከጥርስ ድንገተኛ አደጋዎች ሁሉ የሰው መላ ቀድሞ ያገኘው፣ ሳይንስ ዘግይቶ ያጸደቀው አንዱ የወለቀ ጥርስ ጉዳይ ነው። በ1013 ገደማ ያረፈው የአንዳሉሱ ቀዶ ሐኪም አል ዛህራዊ የሚነቃነቅን ጥርስ በወርቅ ክር ከጎረቤቶቹ ጋር ማሰርን ጽፏል። ፓሬም የወለቀን ጥርስ ቦታው መልሶ አስሯል። ስኮትላንዳዊው ጆን ሃንተር በአሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት ነገሩን ወደ ጽንፍ ወሰደው፤ የሰው ጥርስ በአውራ ዶሮ ኩክኒ ላይ ተክሎ አበቀለ። ናሙናው ለንደን ውስጥ ስሙን በያዘው ሙዚየም አለ። በዚህ ተስፋ ሀብታሞች የድሃ ልጆችን ጥርስ በገንዘብ እያስነቀሉ በራሳቸው አፍ አስተከሉ፤ ሠዓሊው ቶማስ ሮውላንድሰን በ1787 ይህን ነውር በሥዕሉ ተሳልቆበታል። ንግዱ ቆመ፤ የሌላ ሰው ጥርስ አይጸናምና፣ በሽታም አብሮ ይጋባ ነበርና።

የራስ ጥርስ ግን ይጸናል። ዴንማርካዊው ዬንስ አንድሪያሰን ከባልደረባው ጋር በ1966 ባወጣው ጥናት 110 ወልቀው የተመለሱ ጥርሶችን ተከታተለ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከተመለሱት መካከል ከመቶ 90ዎቹ ሥራቸው ሳይበላ ቀረ፤ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆዩት ደግሞ ከመቶ 95ቱ ሥራቸው ተበላ። ሁሉ ነገር ያለው ሥሩን በሸፈኑት ሕያው ህዋሳት ላይ ነው፤ ሲደርቁ ይሞታሉ። ስዊድናዊው ላርስ ብሎምሎፍ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እነዚህን ህዋሳት በየፈሳሹ እያስቀመጠ ሞከረ። ንጹሕ ውኃ ገደላቸው፤ ወተት ለሰዓታት አቆያቸው። ከማንኛውም ሱቅ የሚገኘው ወተት ከምራቅም ሆነ ከውኃ የተሻለ ሆነ።

ስለዚህ ልጅ ኳስ ሲጫወት ወይም ሰው ከሞተር ሲወድቅ ቋሚ ጥርሱ ከነሥሩ ቢወልቅ ጥርሱ አይጣልም። በነጩ ራሱ ይያዛል፤ ሥሩ አይነካም፣ አይፈተግም፣ በጨርቅ አይጠረግም። ከቆሸሸ በወተት ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ለአፍታ ብቻ ለቅለቅ ይደረግና ፊቱ ወደ ፊት ሆኖ ወደ ቀዳዳው ይመለሳል፤ ንጹሕ ጨርቅ ተነክሶበት በዚያው ወደ ጥርስ ሐኪም ይኬዳል። መመለሱ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ተነክሮ ይሂድ። የወተት ጥርስ ግን አይመለስም፤ ሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። ጥርስ ለሚጠዘጥዘው ሰው ቅርንፉድ፣ በሐኪም ወይም በመድኃኒት ቤት ባለሙያ ምክር የሚዋጥ ማስታገሻ፣ ከጉንጩ ውጭ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ሲተኛም ከፍ ያለ ትራስ ሌሊቱን ያሳልፉታል። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከተስፋፋ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ አፍ አልከፈት ካለ ግን የጥርስ ክሊኒክ እስኪከፈት አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይኬዳል።